ግድግዳውን ቀንሱ፣ ሽቦውን ጨምሩ

የጓሮ ጥያቄዎች ዓምድ

ክረምት በገባ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ ግማሹ ስለ ዶሮ ቤት ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ብሷል። የሌማት ትሩፋት ከተባለ ጀምሮ ጓሮ ያለው ሁሉ ቄብ ገዛ፤ ቄብ የገዛ ሁሉ መዶሻ አነሳ፤ ጣጣው የመጣው ያኔ ነው። ለዛሬ ከጅማና ከዙሪያዋ የተጻፉትን አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ምክንያቱም ብዙዎቹ ጥያቄዎች ሲጠቀለሉ አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ እርጥበት ላይ። ስም አላወጣሁም። የጻፋችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

«ጣራው አያፈስም፣ ወለሉ ግን ጭቃ ነው»

«ሰላም ጋሼ። ቆጪ ነው የምኖረው። ሃያ ቦቫንስ ዶሮዎች አሉኝ። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ግድግዳውን ጥርቅም አድርጌ በጭቃ መርጌ፣ ከላዩ በሲሚንቶ ለስኜ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ተውኩ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። አሁን ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ዐይኔን ያቃጥለኛል። ዶሮዎቹም ዐይናቸው ያለቅሳል፣ ያስነጥሳሉ። መድኃኒት ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ ሻል ብሏቸው ነበር፣ ወዲያው ተመለሰባቸው። ጉዝጓዙ በሳምንት ውስጥ ጭቃ ይሆናል። ጣራው ግን አያፈስም፣ ውሃ ደፍቼ አረጋግጫለሁ። ምን ላድርግ?»

ጣራህ አያፈስም፤ አምንሃለሁ። ውሃውን የሚያፈሱት ዶሮዎቹ ናቸው።

እስቲ አስላው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ወደ 120 ግራም መኖ ትበላለች። የምትጠጣው ውሃ የዚያን እጥፍ ያህል ነው፤ ሩብ ሊትር በለው። ሃያ ዶሮ፣ አምስት ሊትር። ከዚያ ውስጥ እንቁላሉ ይዞት የሚወጣው ጥቂቱን ነው። የቀረው በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። በየማለዳው ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ተሸክመህ ገብተህ ጉዝጓዙ ላይ እንደ መድፋት ነው። መስኮቱ አንድ፣ ያውም ትንሽ። ታዲያ በየት ይውጣ? ሌሊት ትንፋሹ ወደ ላይ ይወጣና የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ተመልሶም ይንጠባጠባል። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ግባና መዳፍህን በቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ላይ አሳልፈው። እጅህ ርሶ ይመለሳል። «ጣራው አያፈስም» ያልከው ታሪክ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሽታው አሞኒያ ነው፤ ኩስ እርጥበት አግኝቶ ሲበሰብስ የሚወጣ ጋዝ። አንተ ለደቂቃ ገብተህ ትወጣለህ። እነሱ ግን ከጉዝጓዙ ብዙም ሳይርቁ ሌሊቱን ሙሉ ሲምጉት ያድራሉ። በቁመትህ ሆነህ አትገምት፣ ተንበርክከህ በዶሮ ቁመት አሽትተው። ዐይን ያቆስላል፤ የመተንፈሻ ቧንቧቸውን ውስጠኛ ሽፋን ያዳክማል፤ ከዚያ በኋላ ለሳል በሽታ ሁሉ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው። መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን ሻል ቢያደርጋቸውም የሚያሳምማቸው ቤቱ እስከሆነ ድረስ ብርህን እየበተንክ ነው። ደግሞ ሳልና ማስነጠስ የሚያመጡ ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ አንዴ የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለበት ከተማ እየኖሩ ለዶሮ አንቲባዮቲክ በግምት መግዛት፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ስንፍና ነው።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ፣ ሰውን ሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነውና። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከኛ ይበልጣል፣ 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ላባ ለብሳለች። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር መካከል ናት፤ ደብረ ብርሃን አይደለችም። ላባዋን የጨረሰች ዶሮ የጅማን ሌሊት ምንም ሳትሆን ታድራለች። እርጥብ ሆና፣ ወይም ነፋስ ፊት ለፊት እየመታት ከሆነ ግን አትችልም። ስለዚህ ነፋሱ ከጭንቅላቷ በላይ ይለፍ፤ እሷን አይንካ። ጥበቡ ይኸው ነው።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚገርፍ እወቅ። ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግህም፤ ራስህ የምትኖርበትን ቤት በውጭ በኩል ዙረው። ቀለሙ የተላጠበት፣ እድፍ ወይም ሽበት የያዘበት ጎን የትኛው ነው? ዝናቡ በዚያ በኩል ነው። የዶሮ ቤቱንም በዚያ ጎን ያለውን ግድግዳ ተወው፤ ከክዳኑ ሥር ብቻ አንድ ስንዝር ያህል ክፈትና በሽቦ ሸፍነው። ተቃራኒውን ጎን ግን ከታች እስከ ጉልበትህ ድረስ አስቀርተህ ከዚያ በላይ ያለውን አፍርሰው። አዎ፣ አፍርሰው። በሽቦ ተካው። ቆጡን ወደ ሙሉው ግድግዳ አስጠጋው፣ ያም ቢሆን ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የመኖ ጆንያ ሰፍተህ በሽቦው በኩል እንደ መጋረጃ አንጠልጥል፤ ዶፍ ሲመጣ ታወርደዋለህ፣ ሲያባራ ትሰበስበዋለህ። አውርዶ መርሳት ግን የለም፣ ያኔ ግድግዳውን መልሰህ ሠራኸው ማለት ነው።

ልስኑ ያሳዝናል። የወጣበት ሲሚንቶ አይመለስም፤ የእንቁላሉ ገንዘብ ግን ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ገና ለመሥራት ለምታስቡት። በጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት 1,500 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ሁለት በሦስት የሆነች ትንሽ ክዳን 9,000 ሊትር። ያ ሁሉ ውሃ ግድግዳው ሥር ከወረደ መሠረቱን ያርሳል፣ መሬት መትቶ ተፈናጥሮ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር አስወጡት፤ ከቻላችሁ አሸንዳ አድርጉበት። ወለሉን ከመሬቱ ከፍ አድርጉ። ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይተኛ፤ የጠዋቱና የማታው ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ ይመታል፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ምጣድ አይሆንባቸውም።

«ጭንቅላት የላቸውም»

«ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ጅሬን ነው፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወረድ ብሎ። ልጄ የዶሮ ሽቦ ገዝቶ ጥሩ ቤት ሠርቶልኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ጠዋት ስነሳ ሁለቱ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ሞተው አገኘኋቸው። ጭንቅላታቸው የለም። ሽቦው አልተቀደደም፣ በሩም እንደተቆለፈ ነው። ጎረቤቶቼ መተት ነው እያሉኝ ነው፤ እኔም ልቤ ፈራ። ምን ይሉኛል?»

እማማ፣ መተተኛ የዶሮ ጭንቅላት በሽቦ ቀዳዳ ሲጎትት አያድርም። ይህ የአውሬ ሥራ ነው። ሸለምጥማጥ ይሆናል፣ ጥርኝም ሊሆን ይችላል፣ የመንደር ድመትም አትቀርም። ዶሮዎቹ መሬት ላይ፣ ሽቦውን ተደግፈው ነው የተኙት። እሱ ከውጭ ሆኖ በቀዳዳው እጁን ሰደደ፣ የደረሰበትን ያዘ፣ ወደ ራሱ ሳበ። ገላዋ በቀዳዳው አያልፍም፤ ያለፈላትን ወስዶ ሄደ። ለዚህ ነው ሽቦው ደህና የሆነው።

ልጅዎን አይቆጡት። ያ ቀጭኑ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ሽቦ ገበያ ላይ «የዶሮ ሽቦ» ተብሎ ስለሚሸጥ ሰው ሁሉ ዶሮን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል፤ ከዚያ አያልፍም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፤ ከዝገት በኋላማ በጣት ይቀደዳል። የሚያስፈልግዎ የተበየደው፣ ጠንካራው ወንፊት ሽቦ ነው። ቀዳዳው 1.3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ትልቅ አይጥ አያልፈውም። ውድ ነው፤ ስለዚህ ያለውን አታንሱት፣ ከታች ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ብቻ በላዩ ላይ ደርቡበት። ሌላው ቢቀር ይቺን አድርጉ።

ከዚያ መሬቱ አለ። ቆፍሮ የሚገባ ብዙ ነው። ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ቅበሩት፤ መቆፈር ካስቸገረ ደግሞ ወደ ውጭ አጥፋችሁ መሬት ላይ አንጥፉትና ድንጋይ ጫኑበት። ቆፋሪው ሁሌም ከግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፤ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር አይታየውም። ግድግዳና ክዳን የሚገናኙበትንም እዩት። ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱን ያስገባል፤ ጭንቅላቱ ከገባ የቀረው ይከተላል። በመጨረሻ ዶሮዎቹን ቆጥ አልምዷቸው። ከሽቦ ርቀው፣ ከፍ ብለው ከተኙ ማንም እጁን ቢሰድ ባዶ ነው የሚይዘው። ለጥቂት ምሽቶች ጨለማ ሲሆን እያነሱ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በራሳቸው ይወጣሉ።

ጦጣ ላስቸገራችሁ ሌሎች ደብዳቤ ጸሐፊዎችም መልሱ ይኸው ነው፤ ከላይም ሽቦ፣ ለበሩም ቁልፍ። መቀርቀሪያውን ብቻ አትመኑ፤ ጦጣ ዘወር የሚል እንጨት መቀርቀሪያ መክፈት ትማራለች።

«ጎንበስ ማለት ነው እንጂ ምን ችግር አለው»

«ጋሼ፣ ከቦሳ ቂጦ ነው። ባለቤቴ ቪዲዮ አይቶ የዶሮ ቤት ሠራ። ያምራል፣ ቀለም ሁሉ ቀብቶታል። ግን ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ጥልቅ ነው። እንቁላል ለማውጣት በደረቴ ልተኛ ምንም አልቀረኝም። ለመጥረግማ አይወራ። ስነግረው "ጎንበስ ማለት ነው እንጂ ምን ችግር አለው" ይለኛል። እሱ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። እንግዲህ ፍርድህን ስጥ።»

ፍርዴ አጭር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አካፋውን ለእሱ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ስለ ማሻሻያው ራሱ ነው የሚያነሳው።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ለመጥረግ የሚያስቸግር ቤት አይጠረግም፣ የማይጠረግ ቤት ደግሞ ከላይ የቆጪው ወንድማችን የጻፈው ዓይነት ይሆናል። የዶሮ ቤት ሁለት ዓይነት ቁመት ብቻ ነው ያለው። ወይ ሰው ቀና ብሎ የሚገባበት ይሁን፣ ወይ ደግሞ ሰው ጭራሽ የማይገባበት፣ ከውጭ ሆኖ በእጅ የሚደረስበት። መካከለኛ የለም። የእናንተ ወደ ሁለተኛው ቢቀየር ይቀላል። በአንድ በኩል ያለውን ረጅም ግድግዳ ሙሉውን በማጠፊያ እንዲከፈት አድርጉት፤ እንደ ቁም ሣጥን በር ሁለት ሆኖ ይከፈት። ቤቱን በእግር ከፍ አድርጉት፣ ወለሉ ወገብ ይድረስ። እንቁላል መጣያውን ሣጥን ከውጭ አጣብቁት፣ ክዳን ይኑረው፤ ማንሳት፣ እንቁላሉን መውሰድ፣ መዝጋት። ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀት ከክንድሽ ርዝመት ከበለጠ ከኋላም ሌላ መክፈቻ ይሠራ። ከቆጡ ሥር ደግሞ እንደ መሳቢያ የሚወጣ ጣውላ አስገቡ። ከኩሱ ጥሩ ድርሻው የሚወርደው ሌሊት፣ ቆጡ ላይ ሆነው ነው። ጠዋት ጣውላውን ስቦ ማራገፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ያንን ደግሞ ባለቤትሽ ይችለዋል።

ቀለሙ ይቆይ። ቀለሙ ጥሩ ነው።

ስለ ቡና ገለባ

«ከአጋሮ ነው። እኛ ጋ ሰጋቱራ ጠፍቷል፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የቡና ገለባ ግን እንደ ጉድ ነው። ለጉዝጓዝ ይሆናል ወይስ ዶሮ ይጎዳል? አንዱ ካፌይን አለው ብሎ አስፈራራኝ።»

ይሆናል፤ የትኛው ገለባ እንደሆነ ከለየህ። ከመቀሸሪያ የሚወጣው የጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ገለባ ደረቅ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውሃም ይመጥጣል። እሱን ተጠቀም። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣውን ቀዩን፣ እርጥቡን ልጣጭ ግን ወደ ዶሮ ቤት አታስጠጋው። ይቦካል፣ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ የጫጩት ሳንባ ጠላት ነው። ደረቁም ቢሆን ክረምቱን ዝናብ ሲመታው የከረመ ክምር ከሆነ አትውሰድ። እጅህን ወደ ክምሩ ውስጥ ስደድ፤ ከሞቀህ ወይም ግራጫ አቧራ ብን ካለ ሻግቷል።

ካፌይኑ ገለባው ውስጥ መኖሩ እውነት ነው። ግን ዶሮ ጠግባ ካደረች ጉዝጓዝ አትበላም። ስለዚህ በተራቡበት ሰዓት አዲስ ገለባ አታልብሳቸው፤ መጀመሪያ መኖውን ስጥ፣ ከዚያ ጎዝጉዝ። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። በየጥቂት ቀኑ በመንሽ አገላብጠው። መቼ እንደሚቀየር በእፍኝህ ትለካዋለህ፤ ጭብጥ አድርገህ ስትለቀው ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ ከተበተነ ገና ነው። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው መጠጫው ዙሪያ ስለሆነ መጠጫውን በጡብ ላይ አውጣው፤ ከንፈሩ ከዶሮዋ ጀርባ እኩል ይሁን። እንዲህ ሲሆን ውሃ አትረጭም።

ሲወጣ ደግሞ ወርቅ ነው። ከነኩሱ ከምረህ ለጥቂት ወራት አብላላውና ለጎመኑም፣ ለእንሰቱም፣ ለቡናውም ስጥ። ትኩሱን ግን አትስጥ፣ ሥር ያቃጥላል።

አናጢው

«ከመንደራ ነው። አናጢ አነጋግሬ ግማሹን ብር ሰጠሁት። አራት ቀን ያልኩት ሥራ ወር ሞላው። ስልክ አያነሳም። ሲመጣ ደግሞ የሠራው በር አይገጥምም፤ "እንጨቱ ነው የጠመመው" ይለኛል። በበርጩማና በአልጋ ሥራ ስሟ በገነነ ከተማ አንድ የዶሮ ቤት እንዴት ያቅታል?»

አላቀተውም፤ ሥራህ ለእሱ ትንሽ ሆኖበት ነው። አልጋ የሚሠራ አናጢ የዶሮ ቤትን በትርፍ ጊዜው ነው የሚያየው።

እንጨቱ መጥመሙ ግን ውሸት ላይሆን ይችላል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ በሐምሌ ተገዝቶ በር ከሆነ በጥቅምት ፀሐይ ጅራፍ ይሆናል። ለበርና ለማዕዘን የደረቀ እንጨት መግዛት የአንተ ድርሻ ነው፤ አናጢው የቀረበለትን ነው የሚሰፋው። ለሚቀጥለው በወረቀት ላይ ሣልለት፤ ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆንም ግድ የለም፣ ቁጥሩ ይኑር እንጂ። ርዝመት፣ ወርድ፣ የፊትና የኋላ ቁመት፣ የበሩ ስፋት። «ለሃያ ዶሮ የሚሆን» ብለህ አትዘዝ፤ እሱ ሃያ ዶሮ ስንት ቦታ እንደሚይዝ አያውቅም። አንተ እወቅለት፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ስድስት ዶሮ። ገንዘቡን ደግሞ ሥራውን እያየህ ስጥ፤ ቋሚው ሲቆም ትንሽ፣ ክዳኑ ሲገባ ትንሽ፣ የመጨረሻውን በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ። ግማሹን በመጀመሪያ ቀን የበላ ሰው ምን አስቸኩሎት ይመጣል?

አሁን ላለው በር፣ ሌላ በር አታሠራ። የሚነካውን ጎን አስላጋው፣ ክፍተቱን ከውስጥ በሽቦ ድፈነው። ዶሮ ውበት አትጠይቅም።

ሣጥኑ እያለ መሬት ላይ ይጥላሉ

«ጥሩ ሣጥን ሠርተንላቸው መሬት ላይ ይጥላሉ፣ ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ይተኛሉ። ምን ዓይነት ተቃራኒ ፍጡሮች ናቸው?»

ሣጥኑ ከቆጡ ከፍ ብሏል፣ ለዚህ ነው። ዶሮ ለመኝታ ከሁሉ ከፍ ያለውን ነው የምትመርጠው። ቆጡን ከፍ፣ ሣጥኑን ዝቅ። ሣጥኑ 30 በ30፣ ከፍታው 35 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። ጨለም ይበል፤ ከፊቱ ጨርቅ አንጠልጥሉ። መሬት ላይ የተጣለውን ሳትውል ሳታድር አንሱ፣ አንዷ ያየችውን ሌላዋ ትከተላለችና።

ምስጥና ገብረ ጉንዳን

«ጅማ ዙሪያ ገጠሩ ላይ ነኝ። ቋሚዎቹን ምስጥ በላቸው። በዚያ ላይ ገብረ ጉንዳን በሌሊት መጥቶ ጫጩቶቼን ጨረሰብኝ። ቤቱን ላፍርሰው?»

አታፍርሰው። ምስጡ የበላው መሬት ውስጥ የገባውን ክፍል ነው። ከመሬት በላይ ያለው ደህና ከሆነ ቋሚውን ከታች ቁረጠውና በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ እግር ላይ አቁመው፤ እንጨት አፈር አይንካ። አዲስ የምትተክል ከሆነ ወይራ ወይም ጥድ ከተገኘ ከባሕር ዛፍ ብዙ ይቆያል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሰው ሁሉ ይቀባል፤ ከቀባህ ከመሬት በታች ላለው ብቻ ይሁን፣ ዶሮ የምትለቅመው፣ የምትታከከው ቦታ ላይ አይንካ።

ገብረ ጉንዳን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከመጣ ውጊያ የለም። የተዘጋባት ዶሮ ማምለጫ የላትም፣ ጫጩትማ አይነሳ። ከዝናብ በኋላ መስመሩ ወደ ቤቱ ሲያዘነብል ካየህ ጫጩቶቹን አንሳና ሂድ፤ ዶሮዎቹንም በሩን ከፍተህ ልቀቃቸው፣ ያኔ ሸለምጥማጡን መፍራት ይቅር። ሰልፉ ያልፋል። ለወደፊቱ የጫጩቱን ቤት በእግር አቁመውና እያንዳንዱን እግር ውሃና ትንሽ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ክተተው። በዙሪያው አመድ መነስነስ ይረዳል፤ ዝናብ ከመታው ግን አመዱ የለም፣ በማግስቱ እንደገና ነው። ከቤቱ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ያለውን ሣር እጨደው። ጣሳዎቹን አቁመህ ሣሩ ግድግዳውን ከነካ ድልድይ ሠራህለት ማለት ነው።

ሐሙስ ይመጣሉ

«ጋሼ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። የ45 ቀን ጫጩቶች አዝዤ ሐሙስ ይመጣሉ። ቤቱ ትናንት ነው የተለሰነው። እንጨቱን ያገኘሁት አምና ዶሮዎቻቸው በፈንግል ካለቁባቸው ጎረቤቴ ነው፣ በነፃ ሰጡኝ። ችግር አለው?»

ሁለት ችግር አለው። ዓምዱ እስኪታተም መጠበቅ ስለማይቻል መልሱን በስልክ ነግሬሃለሁ፤ እዚህ የማወጣው ብዙ ሰው ሐሙስ ሐሙስ ስለሚል ነው።

አንደኛው፣ ትናንት የተለሰነ ግድግዳ በክረምት በሁለትና በሦስት ቀን አይደርቅም። ላዩ ነጣ ብሎ ያታልልሃል፤ ውስጡ ውሃ ነው። ማታ አንድ ቁራጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈህ እደር። ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ካለ ገና ነው። የ45 ቀን ጫጩት ላባ አውጥታለች፣ እርጥብ ቤት ውስጥ ስትገባ ግን ተደራርበው ይተኛሉ፣ ከታች ያሉት ይታፈናሉ። ሻጩን ለምነህ ሁለት ሳምንት አቆይልኝ በለው፤ የመኖውን ብትከፍል ይሻልሃል። እምቢ ካለ የራስህ ቤት ውስጥ ደረቅ ጥግ ፈልግ። ሚስትህ ምን እንደምትል ከወዲሁ ይገባኛል። ግን ለማሞቅ ብለህ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድድባቸው፤ እነሱንም እናንተንም ይጨርሳል።

ሁለተኛው እንጨቱ ነው። የፈንግል ቫይረስ ከኩስ ጋር ደርቆ ሲቀር ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እንጨቱ ከአምና ጀምሮ ፀሐይና ዝናብ ሲመታው ከቆየ ስጋቱ ቀንሷል፤ ከነኩሱ ጥላ ሥር ተከምሮ ከነበረ ግን አይታመንም። በረኪና እንዲሁ አፍስሰህበት አታልፍም፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አቅሙ እዚያው ያልቃል። መጀመሪያ ፋቀው፣ በሳሙና እጠበው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በረኪናውን። ሲደርቅ ፀሐይ ያግኘው፣ ስንጥቁን ሁሉ በኖራ ቀባ። ስንጥቁ ውስጥ ቀን ቀን የሚደበቅ፣ ሌሊት ደም የሚመጥ ቀይ ቅንቅንም ስለሚኖር ድካምህ በከንቱ አይቀርም።

እና ሻጩን ስለ ክትባቱ ጠይቀው። የትኛውን እንደወሰዱ፣ መቼ እንደወሰዱ በወረቀት ይስጥህ። በዐይን በጠብታ የሚሰጠው የፈንግል ክትባት በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል፤ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው፣ የወረዳህ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መቼ እንደሚገባለት ይነግርሃል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋገሩና በአንድ ቀን አስከትቡ። አምና ያለቀባቸውን ጎረቤትህንም ጥራቸው።